የጎረቤት ድምፅ የሚቀረው በምዝገባ ጊዜ ነው

ምርጫ ሲቃረብ የምንሰማው ቅስቀሳ ሁሉ ስለ ድምፅ መስጫው ቀን ነው። «ውጡና ምረጡ» ይባላል። ያ ቀን ሲደርስ ግን የብዙ ሰው ጉዳይ ካለቀ ቆይቷል፤ ካርድ አላወጣማ። ስሙ በመራጮች መዝገብ ላይ ያልሰፈረና የመራጭነት ካርድ ያልያዘ ሰው ጣቢያው ደጃፍ ቢያድርም ድምፅ አይሰጥም። መዝገቡ ደግሞ ከድምፅ መስጫው ቀን ሳምንታት ቀድሞ ይዘጋል። ጅማ ውስጥ ለወዳጅ ለጎረቤቱ የሚያስብ ሰው ጉልበቱን በምዝገባው ወቅት ላይ ያውል የምለው ለዚህ ነው።

የ2013ቱን 6ኛ አጠቃላይ ምርጫ እናስታውስ። ምዝገባው መጋቢት ውስጥ ተጀመረ፤ የተመዝጋቢው ቁጥር ስላነሰና ብዙ ጣቢያዎችም በጊዜ ስላልተከፈቱ ምርጫ ቦርድ ቀኑን አራዘመ። በመጨረሻ በአገር ደረጃ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። ወቅቱ ሁዳዴ፣ ረመዳንና ፋሲካ የተደራረቡበት ነበር። እንደ ጅማ ባለ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በረመዳን ከሰዓት በኋላ ጾመኛው ደክሞታል፣ የቤቷ እመቤት ደግሞ የማፍጠሪያውን ሾርባና ሳምቡሳ ለማድረስ ምድጃ ላይ ናት። «ነገ እሄዳለሁ» ሲባል ሳምንቱ ያልቃል። እንዲህ ባለ ወቅት የሚያዋጣው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት ሦስት ሆኖ ሄዶ መጨረስ ነው።

ለመመዝገብ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ተመዝጋቢው ኢትዮጵያዊ መሆን፣ በምዝገባው ዕለት 18 ዓመት የሞላው መሆንና በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ መሆን አለበት። «በምዝገባው ዕለት» የምትለዋን ወጣቶች ይስቷታል፤ 18 ዓመቱ የሚሞላው በምዝገባውና በድምፅ መስጫው መካከል ከሆነ ለዚያ ዙር አይደርስም። ስድስት ወሩም የሚቆጠረው በምርጫ ክልሉ ነው። ከቦሳ ወደ ጊንጆ ቤት የቀየረ ተከራይ ሁለቱ ሰፈሮች በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ እስከሆኑ ድረስ ነዋሪነቱ አይቋረጥም፤ ለመመዝገብ ግን አሁን ወዳለበት ሰፈር ጣቢያ ይሂድ። ሁለት ቦታ መመዝገብ ወንጀል ነው፤ የቀድሞው ሰፈር ካርድ በእጁ ያለ ሰው አዲስ ከመጠየቁ በፊት ይህንኑ ለአስፈጻሚዎቹ ይንገር።

ሰው ከበር የሚመለሰው በአብዛኛው በመታወቂያ ነው። የቀበሌ መታወቂያው ጊዜው አልፎበታል፣ ወይም አከራዩ ስላላስመዘገበው ጭራሹኑ አላወጣም። መታወቂያ ለማደስ የሚፈጀውን ቀን አስቡና ምዝገባው ከመከፈቱ በፊት ጎረቤታችሁን አስታውሱት። ሰነድ የሌለው ሰው ነዋሪነቱ በሚያውቁት ሰዎች ምስክርነት የሚረጋገጥበት መንገድም አለ፤ ለዚህ ደግሞ አብሮት ሄዶ የሚቆምለት ሰው ያስፈልገዋል። የእድር አባላት ከዚህ የተሻለ የሚሠሩት ሥራ የለም።

በተለይ የሚረሱት የቤት ሠራተኞች ናቸው። ከዳውሮ፣ ከከፋ፣ ከየም መጥተው በየቤቱ ከዓመት በላይ የሠሩ፣ ዕድሜያቸው የደረሰ ልጆች አሉ። ማንም «ካርድ አውጥተሻል?» ብሎ አይጠይቃቸውም። አሠሪ የሆነ ሰው የግማሽ ቀን ፈቃድ ቢሰጥና አብሮ ሄዶ ቢመሰክር አንድ ሰው መብቷን አገኘች ማለት ነው። ይህ ግዴታችን ነው ብዬ አምናለሁ።

እንዴት እንጠይቅ? በ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አለን ገርበርና ዶናልድ ግሪን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካዋ ኒው ሄቨን ከተማ ሙከራ አድርገው ነበር። ቤታቸው ድረስ ተሄዶ ፊት ለፊት የተጠየቁ ሰዎች ወጥተው የመረጡት ካልተጠየቁት በግልጽ ይበልጣል፤ በስልክ የተቀሰቀሱት ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ለቀብርም ለሠርግም የምንጠራራው በር አንኳኩተን ነው። በቴሌግራም ለሁሉም የተላከ መልእክት ለማንም እንዳልተላከ ይቆጠራል። «እትዬ፣ ካርድ አውጥተዋል?» ብሎ ቡና ላይ መጠየቅና «አይ ገና ነኝ» ሲሉ «እንግዲያው ማክሰኞ ጠዋት መጥቼ ይዤዎት እሄዳለሁ» ማለት ይሻላል። ቀንና ሰዓት ያልተቆረጠለት ቀጠሮ አይፈጸምም። ሐሙስ ገበያ ላይ የምትውለውን ለሐሙስ አትቅጠሯት።

«ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚል መልስ ይመጣል፤ ሊናቅም አይገባም። በ2002 ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 የፌዴራል መቀመጫዎች ከሁለቱ በቀር ሁሉንም ወሰዱ፤ በ2007 ደግሞ ሁሉንም። ይህን ያየ ሰው ቢሰለች አይፈረድበትም። ለእሱ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ካርድ ያወጣ ሰው ዕጩዎቹን አይቶ መምረጥም መተውም ይችላል፤ ካርድ የሌለው ግን ሐሳቡን ቢቀይር እንኳ የሚገባበት በር የለውም። ይህን ሰምቶ አሁንም እምቢ ካለ ይተው፤ መምረጥ መብት እንጂ ግዴታ አይደለም። «ካርድ ያላወጣ ዘይትና ስኳር አያገኝም» ብሎ ማስፈራራት ደግሞ ነውር ነው፤ በምርጫ ሕጉ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ማንን እንደሚመርጥም አትንገሩት። ምርጫው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ቅስቀሳ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ማስታወስ ያለብን ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ነው።

ምዝገባው እንዳበቃ መዝገቡ ለሕዝብ እይታ ይቀርባል። ሄዶ ስምን ማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ የአባት ስም የተሳሳተበት ወይም ስሙ የጎደለበት ሰው አቤት ማለት የሚችለው ያኔ ነው። በድምፅ መስጫው ቀን ማለዳ ሰልፍ ላይ ሆኖ «ስሜ ጠፋ» ማለት ለማንም አይበጅም።

በዕለቱ ጣቢያዎች የሚከፈቱት ጠዋት 12 ሰዓት ነው። በአንድ ጣቢያ እስከ 1,500 ሰው ሊመዘገብ ስለሚችል ሰልፉ ይረዝማል፤ በ2013 የሰልፉ ብዛት የመዝጊያውን ሰዓት ከምሽቱ 12 ወደ 3 ሰዓት አስገፍቶታል። ሰኔ በጅማ ዝናብ ነው፣ የሚዘንበውም ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጃንጥላ ይዞ በጠዋት መውጣት ይመረጣል። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶችና አካል ጉዳተኞች ቅድሚያ አላቸው። ማየት ወይም መጻፍ የማይችል ሰው የሚያምነውን ረዳት ይዞ መግባት ይችላል፤ ረዳቱ ግን ዕጩ፣ የፓርቲ ወኪል ወይም ታዛቢ መሆን የለበትም።

አስፈጻሚዎቹ ካርዱን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራሉ፣ ያስፈርማሉ፣ ጣት ላይ ቀለም ይቀባሉ፣ ከዚያ ሁለት ወረቀት ይሰጣሉ፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልሉ ምክር ቤት፣ ለጨፌ ኦሮሚያ። ብዙ ድምፅ የሚባክነው እዚህ ነው። ለተወካዮች ምክር ቤት የሚመረጠው አንድ ሰው ስለሆነ ሁለት ቦታ ምልክት ያደረገ ወረቀቱ ዋጋ ያጣል። ለክልሉ ምክር ቤት ግን ከአንድ ምርጫ ክልል ከአንድ በላይ ተወካይ ሊመረጥ ስለሚችል ስንት ምልክት እንደሚፈቀድ ወደ ምስጢር ክፍሉ ከመግባታችሁ በፊት አስፈጻሚዋን ጠይቁ። ስም ወይም ፊርማ ወረቀቱ ላይ አይጻፍም። በጣት አሻራ የሚመርጥ ሰው ቀለሙ እስኪደርቅ ይጠብቅ፤ ቶሎ ከታጠፈ በሌላ ዕጩ ቦታ ላይ ያትምና የማን ድምፅ እንደሆነ ያከራክራል። የተሳሳተ ሰው ወረቀቱን ኮሮጆ ውስጥ ሳይከት ቢመልስ ሌላ ይሰጠዋል። ይህን የማያውቁ ሰዎች አፍረው የተበላሸውን ይከታሉ፤ ለእናቶቻችን አስቀድመን ብንነግራቸው አንድም አይባክንም።

ቆጠራው እዚያው ጣቢያ ይካሄድና ውጤቱ በር ላይ ይለጠፋል። በማግስቱ ጠዋት ያስመዘገባችኋቸውን ጎረቤቶች ይዛችሁ ሂዱና አንብቡ፤ ስንት ሰው እንደመረጠና ስንት ወረቀት ዋጋ እንዳጣ በቁጥር ታገኙታላችሁ። ዝናቡ ሳያርሰው ፎቶ አንሱትና ለሚቀጥለው ዙር ለእድሩ ጸሐፊ ስጡት።