ማስተካከያ፦ ስለ ዶቃ ሥራው የጻፍኩት ላይ

ባለፈው የኤችአይቪ ቫይረስ በደማቸው ያለ ሴቶች የሚሠሩትን የዶቃ ጌጥ ስትገዙ "እርዳታ እየሰጣችሁ ነው" ብዬ ጽፌ ነበር፣ ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ጌጡ የሚሸጥበት ፌር ትሬድ (ፍትሐዊ ንግድ) ምጽዋት አይደለም፣ ለሠሩበት የሚገባቸውን ነው የሚከፈላቸው። የዓለም ፌር ትሬድ ድርጅት ከ10 መርሆቹ በአንዱ ላይ የእጅ ሥራ አምራች ከጠየቀ ገዢው ከዋጋው ቢያንስ 50 በመቶውን ያለወለድ ቀድሞ ይክፈል ይላል፣ ዶቃና ክር መግዣ ለሌላት ሴት ደግሞ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ አራጣ አበዳሪ ጋ ከመሄድ ያድናታል።

ሌላው፣ "ክሩን በምራቅ አርጥበው ነው መርፌ ውስጥ የሚያስገቡት፣ አያስይዝም ወይ?" ላላችሁኝ "ታጥቦ ነው የሚሸጠው" ብዬ መመለሴ ራሱ ስህተት ነው። ኤችአይቪ በምራቅ አይተላለፍም፣ በጌጥም አይተላለፍም፣ ታጠበም አልታጠበም። ሴቶቹን "ተጠቂዎች" ያልኩትንም አጥፍቼዋለሁ፣ ባለሙያዎች ናቸው።