ፀጉሩ የረገፈው ዛሬ፣ ምክንያቱ ከሦስት ወር በፊት

ደብረ ብርሃን ውስጥ በግቢያችን የምትኖር አንዲት ጎረቤቴ፣ ከወለደች አራተኛ ወሯን ይዛ ሳለ፣ በረፋድ ፀሐይ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ታበጥር ነበር። በሚዶው ጥርስ ላይ የቀረውን ፀጉር እየለቀመች በጣቷ ትጠቀልለውና የዶሮ እንቁላል ሲያክል በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ትወትፈዋለች፤ ስንጥቁ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እናቷ ጥፋቱን በቧንቧው ውኃ፣ አማቷ በብርዱ፣ እሷ ራሷ ደግሞ በዚያው ሳምንት በገዛችው ሻምፑ ላይ ጣሉ። ሦስቱም የተሳሳቱት በአንድ ምክንያት ይመስለኛል፤ ፀጉሩ ዛሬ ስለረገፈ ጥፋተኛውን ከዛሬ ነገሮች መካከል ፈለጉ።

ፀጉር የራሱ የጊዜ አቆጣጠር አለው። በአንድ ሰው ራስ ላይ ካለው ወደ 100,000 የሚጠጋ ፀጉር እያንዳንዱ ከ2 እስከ 6 ዓመት በወር 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ እያደገ ይቆይና ከ2 እስከ 3 ወር አርፎ ይወድቃል፤ ስለዚህ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ወሊድ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ቀዶ ሕክምና፣ በአጭር ጊዜ መክሳት ወይም ከባድ ሐዘን ሲደርስ ግን በማደግ ላይ የነበሩ ብዙ ሥሮች በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ይገቡና ከሁለት ሦስት ወር በኋላ አብረው ይረግፋሉ። ሸዋ ሮቢት ወርዶ በጥቅምት ወባ የያዘው ሰው፣ ጥር ላይ ትራሱ በፀጉር ሲሞላ ወባው ተረስቶ ፀጉር አስተካካዩ ይወቀሳል። ከአጣዬና ከአካባቢዋ ተፈናቅለው ወደ ደብረ ብርሃን የመጡ እናቶችም ከወራት በኋላ ፀጉራቸው ቢሳሳ የአዲሱ ከተማ ውኃ አልተስማማቸውም ብሎ ማለፍ ያለፉበትን መርሳት ነው።

እንዲህ ያለው መርገፍ ምክንያቱ ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይመለሳል። የሽንኩርት ጭማቂም የጉሎ ዘይትም ስማቸው የገነነው በዚህ ይመስለኛል፤ ፀጉሩ ሊመለስ በተቃረበበት ሰሞን የተቀባ ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል። ቅቤ ፀጉርን እንደሚያለሰልስ አልክድም፣ እኔም የእናቴን እጅ አልረሳሁም፤ ሥር ያበቅላል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። መርገፉ ከስድስት ወር ካለፈ ወይም ድካምና ማዞር ከተጨመረበት፣ ለቅባት ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ ደም ማነስንና የእንቅርት ዕጢን ለማስመርመር የሚወጣው የተሻለ ሥራ ይሠራል።

ትዕግሥት የማይበጀው መርገፍም አለ፣ እዚህ ላይ ደግሞ ዝምታችን ያሳዝነኛል። ለበዓል ተብሎ የሕፃን ልጅ ሹሩባ ዓይኗ እስኪሳብ ድረስ ተጠብቆ ሲጎነጎን፣ ስታለቅስ «ውበት ያማል» እየተባለች ታድጋለች። በየጊዜው የሚጎተተው የግንባርና የጆሮ ግንድ ፀጉር መሳሳት ሲጀምር ጉንጉኑ ቢላላ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና ቆዳው ለስልሶ ያብለጨልጫል፣ ከዚያ ወዲያ ቅባትም መድኃኒትም አያበቅለውም። ቅጥያና ካውያ ሲታከሉበት ጉዳቱ ይፈጥናል። በተማሪዎች ራስ ላይ የሚታየው ቆረቆርም እንዲሁ ነው፤ በፈንገስ የሚመጣና በሚዶ፣ በቆብና በመላጫ የሚተላለፍ ስለሆነ፣ ቅባት ብቻውን ሥሩ ድረስ አይደርስለትምና ለሳምንታት የሚዋጥ ክኒን ይፈልጋል። ልጁን «ቆረቆራም» ብሎ መስደብ ደግሞ ቆቡን እንዳያወልቅ ከማድረግ በቀር ያተረፈልን የለም። ሳንቲም የሚያህል ክብ ሆኖ ድንገት የሚራቆተው፣ ብዙዎች ላሽ የሚሉት፣ የሰውነት መከላከያ ራሱ የፀጉሩን ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ እንጂ ከሰው የሚጋባ አይደለም።

የወንዶች በራነት የተለየ ጉዳይ ነው። በእኛ ደጋ ብርዱ ከጥዋት እስከ ማታ ኮፍያ ስለሚያስደርብ «ኮፍያው አፍኖት ነው» የሚል ክርክር በየጠጅ ቤቱ ይሰማል፤ የፀጉር ሥር ግን አየሩን የሚያገኘው ከደም እንጂ ከውጭ አይደለም። ምክንያቱ ከእናትም ከአባትም ወገን የሚወረስ፣ ሥሩ ለወንድ ሆርሞን ያለው ስሱነት ነው። ሚኖክሲዲል የተባለው፣ መጀመሪያ ለደም ግፊት የወጣ መድኃኒት፣ ሲቀቡት የሚጠቅማቸው ሰዎች አሉ፤ ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉን ሊያብሰው ይችላል፣ ሲያቆሙትም የበቀለው በወራት ውስጥ ይሄዳል። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ያለ ሐኪም ምክር ልትነካው አይገባም። ሻጩ ይህን ሁሉ ሳይናገር ጠርሙሱን ብቻ የሚያቀብል ከሆነ የገዢው ብር ይባክናል። መላጣነቱን ተቀብሎ ጥርግ አድርጎ የሚላጭ ሰውም መድኃኒት ከገዛው ያነሰ ጥበብ የለውም።

ጎረቤቴ ሻምፑዋን ለእህቷ ሰጥታ ነበር። ልጇ አሥረኛ ወሩን ሲይዝ በግንባሯ ዙሪያ የጣት አንጓ የሚያህሉ አጫጭር ፀጉሮች ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ጧት ጧት በውኃ እያረጠበች ልታስተኛቸው ትሞክራለች፣ ለሹሩባ አልደርስ አሉኝ ብላም ታማርራለች።