ሱቅ ክፈቱ፤ ቤቱን ግን አትግደሉት

የባሕር ዳር ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው።

በአሮጌ ቤት ሱቅ መክፈት ነውር የለውም። እንዲያውም ሰው የማይገባበት ቤት ቶሎ ይወድቃል። ጣሪያው ሲያፈስ የሚያይለት፣ ምስጥ ሲገባበት የሚደርስለት የለም። ጎንደር ፒያሳ ሂዱና እዩ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣሊያን ጊዜ የተሠሩ ሕንፃዎች ዛሬም ይነገድባቸዋል። ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ በግንቡ ውስጥ ግን ሰው ይኖራል፣ ገበያው ይደምቃል። ስለዚህ «ቅርስ ነው ብለን ቆልፈን እናስቀምጠው እንዴ?» የምትሉትን ተዉት። ማንም ቆልፉ አላላችሁም።

ነውሩ ሌላ ነው። ቤቱን የመረጣችሁት ለአሮጌነቱ ነው። ቁልፉን በተረከባችሁ ማግስት ግን አሮጌነቱን ትገፍፉታላችሁ። የዋንዛው በር ተነቅሎ ጓሮ ይጣላል፤ በቦታው የሚጠቀለል ብረት ይገባል። ፊቱ አሉኮቦንድ ይለብሳል። ወለሉ ሴራሚክ፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም፣ በላዩ ደግሞ ከመስኮቱ የሚበልጥ ማስታወቂያ። ታዲያ ምን ቀረ? ይህን ከፈለጋችሁማ ከተማው አዲስ ሕንፃ ሞልቶት የለ!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ በጭቃው ግድግዳ ላይ የምትለስኑት ሲሚንቶ ነው። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲያገኝ መልሶ ይተፋዋል። ኖራም እንደዚያው። ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል። የሐይቅ ዳር መሬት እርጥብ ነው፤ ውኃው ከመሠረቱ ወደ ግድግዳው ይሳባል። መውጫ ሲያጣ ጭቃው ይላላል፣ በውስጡ ያለው እንጨት ይበሰብሳል። ከውጭ ሲታይ ግን ቤቱ ሙሽራ መስሏል። ክረምት ተመላልሶበት ሲሚንቶው ጭቃውን ይዞ መውረድ ሲጀምር «ድሮም ያረጀ ነበር» ይባላል። ያረጀ አልነበረም፤ አፍናችሁት ነው።

ጭቃ አይረባም የሚል ካለ ዘጌ ይሻገርና ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ቀረብ ብሎ ይይ። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፣ በሩ ወፍራም ሳንቃ። የጣናን እርጥበት ለዘመናት ችሎ ቆሟል። ሲላጥ በዚያው በጭቃው ስለሚለሰን ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

እና ምን እናድርግ ትሉኛላችሁ። ነገ ስትለቁ ቤቱን ሳትጎዱ መንቀል የማትችሉትን ነገር አታስገቡ። መደርደሪያው በራሱ እግር ይቁም፤ ግድግዳው በድሪል አይበሳ። የመብራት መስመሩ ላይ ላዩን በቱቦ ይሂድ እንጂ ግድግዳ ተቦርቡሮ አይቀበር። የመስታወት በር ካስፈለገ ከአሮጌው በር ወደ ውስጥ ገባ አድርጋችሁ አቁሙት። ጠዋት የዋንዛው መዝጊያ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል። ደንበኛውም የድሮውን ደፍ ረግጦ ይገባል። ለፎቶ የሚያቆመው ይኸው ደፍ ነው፤ አሉኮቦንድማ የትም አለ።

ወረቀትም አለ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የጥበቃና የእድሳት ሥራ ከመሠራቱ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑ ይሁንታ ያስፈልጋል ይላል። «ቤቱ የግሌ ነው» ማለት አያድናችሁም፤ ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊሆን እንደሚችል አዋጁ ራሱ ያውቃል፣ ግዴታውንም ለባለቤቱ ሰጥቶታል።

እናንተ ጎረቤቶችስ? ቅዳሜና እሁድ ተጠብቆ በር ሲነቀል በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣችሁ ታያላችሁ። «የሰው ንብረት ነው፣ ምን አገባኝ» ትላላችሁ። ያገባችኋል! ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 91 ታሪካዊ ቦታዎችንና ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ሁሉ ግዴታ ነው ብሏል። ፈቃዱን አሳየን ብሎ መጠየቅ ምቀኝነት አይደለም። ካላሳየ ሰኞ ጠዋት ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሂዱ። ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ ፎቶ «እስቲ እናያለን» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ።

ባለ ሱቆች፣ የቀን ሠራተኛ ከመቅጠራችሁ በፊት ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁት። ኖራ ማቡካት ይችላል? ጭቃና ጭድ ስንት ቀን ከርሞ እንደሚለሰን ያውቃል? ካላወቀ መዶሻውን አታስነሱት። የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዘጌም፣ በየገጠሩም አሁንም አሉ። ዋጋቸውን ክፈሉና አምጧቸው፤ ወጣቶቹንም አጠገባቸው አቁሙ።