መጥሪያ ለማይደርሰው ተከሳሽ የቀረበ ምስጋና

ቀደም ባለው ዘመን በደጋው አገር ምንጭ ሲደርቅ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው «ማን ምን አጠፋ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። መልሱ አልፎ አልፎ ከተቀመጡት አንዱን ስለሚነካ ጥያቄው የሚያሳፍር ነበር። ዛሬ ከዚህ ሁሉ ሐፍረት የገላገለን «በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት» የሚል ሐረግ አግኝተናልና ለባለውለታችን ምስጋና ማቅረብ ይገባናል።

ተከሳሹ ጥፋት የለበትም ማለቴ አይደለም። ደጋው እየሞቀ ነው፤ የሰሜን ሸዋና የወሎ ገበሬ ገብሱን ዘርቶ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጠብቀው የበልግ ዝናብ ደመናውን አሳይቶት ብቻ የሚቀርበት ዓመት አለ። ዓለምን ካሞቀው ጋዝ የኢትዮጵያ ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ስለሆነ ክሳችን እውነት ያለው ክስ ነው። የሐረጉ ውበትም የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ተከሳሹ ባሕር ማዶ የሚኖር፣ መጥሪያ የማይደርሰውና ጠበቃ የማያቆም በመሆኑ፣ በእውነተኛው ዕዳው ላይ የራሳችንን ውዝፍ ብንደርብበት «ይህኛው የእኔ አይደለም» ብሎ አይሟገተንም።

የጮቄን ተራራ እንመልከት። ከዚህ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለ ተራራ የሚነሡ ብዙ ወንዞች ዓባይን ይመግባሉ። ማረሻው ግን መሬት ጠቦት ከዓመት ዓመት ሽቅብ እየወጣ፣ ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ በቀስ ይለቅ የነበረውን የአስታ ቁጥቋጦና የጓሳ ሣር መሬት ገልብጦ ገብስ አደረገው። ክረምት ላይ ጎርፉ አፈሩን ይዞ ሲወርድ፣ በጋ ላይ ደግሞ ጅረቱ ሲመነምን፣ ሪፖርት ጸሐፊው ተራራውን ቀና ብሎ ማየት አያስፈልገውም፤ ሐረጉ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። እርከን ያልተሠራበት ቁልቁለትና ልቅ ግጦሽም በዚሁ ሐረግ ነጻ ይወጣሉ።

ባሕር ዛፍም ከተጠርጣሪነት ድኗል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ያቃለለ ባለውለታ መሆኑን አልክድም፤ አጠናውን ሸጦ ልጁን የሚያስተምረውን ገበሬም የምወቅስበት አንደበት የለኝም። የማደንቀው፣ ዛፉ በምንጩ ራስ ላይ ሲተከል አይቶ ዝም ያለውና ምንጩ ሲነጥፍ ስለ ሰማዩ ጠባይ ማብራሪያ የሚሰጠው ባለሙያ ነው። ለውሃ የተዘረጋው ሥር በእግሩ ሥር ሳለ፣ ዓይኑን ከደመናው የማይነቅል ጽኑ ሰው ነው።

ስለ ችግኝ ብዙ አልናገርም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በይፋ ተነግሮናል። የሐምሌውን ተከላ ለመቅረጽ ካሜራ አይጠፋም፤ ጥር ላይ የጸደቀውን ሊቆጥር ወደ ተራራው የሚወጣ ግን እምብዛም አይታይም፤ የደረቀው ለምን እንደደረቀ አስቀድሞ ታውቋልና።

የሚያሳዝኑኝ የመንዝ ሰዎች ናቸው። ጓሳ የተባለውን የጋራ የሣር መሬታቸውን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረው፣ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድና ከብት መቼ እንደሚገባ በራሳቸው ሸንጎ ሲወስኑ፣ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርስባቸው እንኳ ትምህርት አልወሰዱም፤ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሰው አቋቋሙት። የበልጉ መዛባት እነሱንም ያገኛቸዋል፤ ይሁን እንጂ ሌሎቻችን በሐረግ የምንጨርሰውን ነገር እነሱ እስከ ዛሬ በዘብና በመቀጫ ይደክሙበታል። ስለ ሐረጉ አጠቃቀም በአስቸኳይ ሥልጠና ሊሰጣቸው ይገባል። ሥልጠናው በሚካሄድበት ከተማ የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሰንብቷልና የታሸገ ውሃ ይዘጋጅ፤ ለምን ጠፋ ብሎ የሚጠይቅ ሠልጣኝ ካለ ደግሞ ያ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ነው።