መልሱን አውቀውት ሰዓቱ ቀደማቸው

በሰባዎቹ ዕድሜ ላይ የሚገኙት አክስቴ፣ በሌላ ቋንቋ አፋቸውን ከፈቱ የልጅ ልጆቻቸው ጋር ለመጨዋወት ሲሉ የቋንቋ መማሪያ መተግበሪያ በስልካቸው ላይ አስጭነዋል። በቅርቡ አጠገባቸው ተቀምጬ ሲማሩ አየሁ። ቃሉን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በትክክል ጠሩት፤ መነጽራቸውን አስተካክለው ትክክለኛውን ምርጫ እስኪነኩ ድረስ ግን ሰዓቱ አልቆ ስክሪኑ ቀላ። «አውቄው ነበር እኮ!» አሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ብዙዎቹ መተግበሪያዎች የሚጠቀሙበት የክለሳ ስሌት ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ መርሳት ካሳተመው ጥናት የሚመዘዝ ሐረግ አለው፤ ተማሪው የመለሰው ቃል ቆይቶ፣ የሳተው ደግሞ ቶሎ ተመልሶ ይመጣል። ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ፣ ስሌቱ የዘገየን ጣት ከረሳ አእምሮ አለመለየቱ ነው፤ በዚህም የተነሳ አክስቴ ጠንቅቀው የሚያውቁትን ቃል ሲከልሱ ይውሉና አዲስ ቃል ሳያዩ ስልኩን ያስቀምጣሉ።

ዕድሜ ሲገፋ በቅድሚያ የሚቀንሰው ፍጥነት ነው፤ የቃላት ሀብት ግን እስከ ስድሳዎቹ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ሳይጎድል ይዘልቃል። የጣት ቆዳ ሲደርቅ የንክኪ ስክሪን አንዳንዴ ጣቱን አይለየውም። ጆሮም ቀድሞ የሚያጣው ቀጭን ድምፆችን በመሆኑ «ስ» እና «ፍ» ይምታታሉ፤ ለዚህ መፍትሔው ድምፁን ማጉላት ብቻ ሳይሆን ቃሉን በጽሑፍ አብሮ ማሳየትና ያለ ቅጣት ደጋግሞ ማሰማት ነው። ስለ አዝራር ስፋት ብዙ መከራከር አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ 24 በ24 ፒክስልን ዝቅተኛ፣ 44 በ44ን ደግሞ የላቀ መለኪያ አድርጎ አስቀምጧል፤ ለአረጋውያን የሚሠራ ሰው ከሁለተኛው ቢነሳ ይሻላል።

ንድፍ አውጪዎች «ለአረጋውያን» ሲባሉ ፊደሉን አተልቀው ትምህርቱን ያቀልላሉ፤ ዕድሜ ልኩን ሲያነብ የኖረን ሰው በካርቱን ርችት ማጨብጨብ ግን፣ እንደ እኔ፣ ከንቀት አይተናነስም። እኔ የምጠይቀው መተግበሪያው ትክክለኛነትንና ፍጥነትን ለየብቻ እንዲመዘግብ፣ የሰዓት ቆጠራውም ተማሪው ሲፈልግ ብቻ እንዲበራ ነው። በአክስቴ ስልክ ላይ ማጥፊያው ነበር፤ ያገኘሁት ግን አራት ገጾችን አልፌ፣ ያውም እሳቸው ገና በሚማሩት ቋንቋ ተጽፎ ነው።