ይድረስ ለክቡር አሮጌው ፕሮፖዛሌ

ለ፦ «የመጨረሻ፣ በእርግጥ የመጨረሻ» በሚል ስም በፍላሽ ዲስኬ ለሚኖሩት
ጉዳዩ፦ ጡረታ እንዲወጡልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? መቼም እርስዎ አያረጁም። የምርምር ድጋፍ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር፣ ገና ምን ልመርምር ብዬ ሳላስብ፣ ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት ብለው ኮምፒውተሬ ላይ ይደነቀራሉ። «ምን ያለፋሃል? መግቢያ አለኝ፣ የጽሑፍ ዳሰሳ አለኝ፣ የጊዜ ሰሌዳ አለኝ» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ሁሉም አለዎት። የጎደለዎት ጥያቄ ብቻ ነው።

ሲወለዱ ስለ ጣና እምቦጭ ነበሩ። ማስታወቂያው ስለ አዋሽ ተፋሰስ ሲሆን እኔ ብልጡ «ጣና» ያለውን ሁሉ «ቆቃ» አድርገህ ተካ ብዬ ኮምፒውተሩን አዘዝሁ። የገምጋሚውን አስተያየት ያነበብንበትን ዕለት ያስታውሳሉ? በእርስዎ ጥናት መሠረት ዓባይ የሚወጣው ከቆቃ ነው። አዋሽን ለኤሌክትሪክ ገድበን በፈጠርነው ሐይቅ ላይም 37 ደሴቶችና ጥንታዊ ገዳማት ተገኙ። ጣናነሽ የተባለችው ጀልባ እንኳ ሳትቀር «ቆቃነሽ» ተብላ ክርስትና ተነሣች። ገምጋሚው ከግርጌው «ገዳማቱን ለመሳለም መቼ እንሂድ?» ብሎ ጻፈ። ያንን ወረቀት እስከ ዛሬ ለባለቤቴ አላሳየሁም።

በጀትዎስ! ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ እርስዎ አልሰሙም፤ እስካሁን ዶላርን በ57 ብር ይመነዝራሉ። የውኃ መመርመሪያ ኬሚካል አስመጪው ዋጋዎን ዐይቶ የሣቀውን ሣቅ በስልክ ሰምቼዋለሁ።

የጊዜ ሰሌዳዎ ደግሞ ናሙና የሚሰበስበው በሐምሌ ነው። የበጀት ዓመቱ የሚብተው ሐምሌ 1 መሆኑን ረሱት? ገንዘቡ ተለቅቆ፣ ግዢ ክፍል ደርሶ፣ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ጀልባ እስኪከራይ ድረስ ክረምቱ ወጥቶ ደመራው ተለኩሷል። (ሦስተኛውን ዓላማ የጨመርነው ለሳይንስ ሳይሆን ለውሎ አበል መሆኑ በመካከላችን ይቅር።)

የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት አመልካቾችን የጥናታችሁን ዓላማዎች በ1 ገጽ ጨርሱ ይላሉ። እርስዎ ይህን ቢታዘዙ በዚያች ገጽ ላይ «ኢትዮጵያ በአፍሪካ ቀንድ የምትገኝ አገር ናት» ብለው ይጀምሩና ወደ እምቦጩ ሳይደርሱ ገጹ ያልቃል።

ትናንት ማታ እርስዎን ሳልከፍት ባዶ ወረቀት አወጣሁ። አንዲት ጥያቄ ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፦ ገበሬው በእጁ ነቅሎ ዳር ላይ ከሚከምረው እምቦጭ ውስጥ ውኃው ሲሞላ ስንቱ ተመልሶ ሐይቁ ይገባል? ከሥሯ ማን እንደሚቆጥር፣ በየትኛው ወር እንደሚቆጥር፣ በስንት ብር እንደሚቆጥር ጻፍሁ። መልስ ያጣሁለትን ሰረዝሁ። ግማሽ ገጽ ተረፈኝ። ከእርስዎ ዘንድ የምትዋስ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብፈልግ አልተገኘችም። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርሁ። ለካ ሥራው የሁለት ሰዓት ኖሯል፤ እነዚያን ሁሉ ዓመታት «ጣና»ን በ«ቆቃ» ስተካ ነው የኖርሁት።

ማመልከቻው የሚዘጋው ዓርብ ነው። እስከዚያ ድረስ ፍላሽ ዲስኩን ጎረቤቴ እትዬ ዘንድ በአደራ አስቀምጬዋለሁ። ሐሙስ ሌሊት መጥቼ በር ባንኳኳ፣ ባለቅስም እንኳ፣ እንዳይከፍቱልኝ ለምኛቸዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ እርስዎ ራስዎ ግልባጭ ስለሆኑ አላስፈለገም።