ዓመቱ ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ

ከባሕር ዳርቻ ፎቶግራፎች ሁሉ ተደጋግሞ የሚያጋጥመኝ አንድ ነው፤ ከፊት ውኃ፣ ከኋላ አሸዋ፣ በመካከሉ ጥቁርና ነጭ መቀነት እየተጠመጠመበት ሽቅብ የሚወጣ የመብራት ማማ። በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ኬፕ ሃተራስ ላይ ለመርከቦች የቆመው ማማ ነው። በአንዳንዱ ፎቶግራፍ ማዕበሉ እግሩን ሊልሰው ምንም አልቀረው። በሌላው ደግሞ ባሕሩ ርቆታል። ሁለቱም እውነተኛ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ግን አንዳቸውም መቼ እንደተነሡ አይናገሩም፤ የእኔም ጠብ ከዚህ ላይ ነው።

ማማው በ1870 ተሠርቶ ሲበራ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከውኃው 450 ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። የቆመባት ደሴት ግን ቀጭን የአሸዋ ክምር እንጂ ዐለት አይደለችም። ነፋስና ማዕበል በውቅያኖሱ በኩል ያለውን አሸዋ እየጠረጉ ሲወስዱ ዳርቻው ወደ ምዕራብ ይሸሻል። መቶ ዓመት ሲሞላው፣ በ1970፣ በማማውና በባሕሩ መካከል የቀረው 37 ሜትር ገደማ ነበር። በመጨረሻ በ1999 ከመሠረቱ ተቆርጦ፣ በሃይድሮሊክ ክሪክ ተነሥቶ፣ በብረት ሐዲድ ላይ እየተገፋ 880 ሜትር ያህል ተጓዘ። 60 ሜትር የሚረዝም፣ ከ4,000 ቶን በላይ የሚመዝን የጡብ ማማ ነው! መንገዱን በ23 ቀን ጨረሰ።

እንግዲህ ማዕበል እግሩ ሥር ሲሰበር የሚያሳየውን ያንን ውብ ፎቶግራፍ ይዞ ወደዚያ የሚሄድ ሰው፣ ማማው በፎቶግራፉ ላይ በቆመበት ስፍራ ባዶ አሸዋ ያገኛል። ፎቶግራፉ አልዋሸም። ዓመቱን ሳይነግሩ ያሳዩት ናቸው ያሳሳቱት።

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። ካሜራው በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተተክሎ፣ ሌንሱ ፊት ጥቁር ማጣሪያ ገብቶ፣ መዝጊያው ለብዙ ሰኮንዶች ክፍት ሲቆይ ባሕሩ ጭጋግ ይመስላል። ያ አሸዋውን ከማማው ሥር ሲዝቅ የኖረ ውኃ እንደ ወተት ረግቶ ይተኛል። ተከሳሹን አጥቦ፣ ነጭ አልብሶ ችሎት ፊት እንደማቅረብ ነው። ዘዴውን አልጠላውም፤ እንዲያውም ሳየው ዐይኔን መንቀል ያቅተኛል። የባሕር ፎቶግራፍ ከጥንቱም ብልሃት አልተለየውም። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ በ1850ዎቹ አንዳንዶቹን የባሕር ምስሎቹን ያተመው ከሁለት ኔጌቲቭ (ብርሃንና ጥላው ተገላብጦ ከሚታይበት፣ ፎቶግራፍ ከሚታተምበት ምስል) ነው፤ አንዱ ለሰማዩ፣ አንዱ ለውኃው። የዘመኑ ኬሚካል ለሰማያዊ ብርሃን ከመጠን በላይ ስለሚነቃ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሲያነሡ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይቀር ነበር። ቸግሮት ያደረገው ነው። ዛሬ ባሕሩን የሚያስተኛው ግን ምርጫ ነው፤ ምርጫም ቢሆን ከሥሩ ሊጻፍ ይገባዋል።

ፎቶግራፍ ጥበብ እንጂ ማስረጃ አይደለም የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን። ሠዓሊም እኮ ከሥዕሉ ጥግ ዓመተ ምሕረት ይጽፋል፤ በዚህ ምክንያት የደበዘዘ ሥዕል አላየሁም። ደግሞስ እንዲህ በሚሸሽ ዳርቻ ላይ አራት አኃዝ መጻፍ ምን ያህል ድካም ነው?

ማማው ከተዛወረ በኋላ ከመሠረቱ የወጡ ድንጋዮች የጠባቂዎቹ ስም ተቀርጾባቸው የቀድሞውን ቦታ እንዲያመለክቱ በዳርቻው በክብ ተደርድረው ነበር። አሸዋው እየደጋገመ ስለቀበራቸው በ2015 እነሱም ተነሥተው ወደ ማማው አቅራቢያ ተወሰዱ። ድንጋዮቹ ከባሕሩ ዳር ክብ ሠርተው የሚታዩበት ፎቶግራፍ ያለው ሰው ከጀርባው ዓመቱን ይጻፍበት፤ ቢረሳው እንኳ ከ2015 ወዲህ ሊሆን አይችልም።